እየጠፋ ያለውን ገጠር በጥቁርና ነጭ ለምታነሱ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሥራችሁን ስታሳዩኝ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፦ ጣሪያው የወደቀ ቤት፣ ብቻውን የቀረ ዛፍ፣ ጭጋግ። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁሉም ያምራል። ከ50 ዓመት በኋላ ያን ቦታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ከእነዚህ ፎቶዎች የሚያገኘው ጥቂት ነው። ማሳው የማን እንደነበር፣ ምን ይዘራበት እንደነበር፣ ውሃው በየት በኩል ይወርድ እንደነበር አይናገሩም።

ስለዚህ ገጠሩን በሕይወት እያለ አንሱት። ፍርስራሹ ለዓመታት ሊጠብቃችሁ ይችላል። በእጅ የሚታጨደው ማሳ፣ ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት ዱካ፣ አጥሩን በየዓመቱ የሚጠግነው ሰው ግን ትራክተር በገባ፣ መንገድ በተቀየሰ ወይም ወራሾቹ ከተማ በገቡ ማግስት አይገኙም። ጥቁርና ነጭ አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል ከተጠቀማችሁበትም ያሳዝነኛል። የኤሌክትሪክ ምሰሶው እዚያው ካለ በፎቶውም ውስጥ ይኑር፤ ለውጡ መቼ እንደደረሰ የሚነግረን እሱ ነው።

ታዲያ ጥቁርና ነጭ ለምን? ቀለሙ ሲወገድ የሰው ድካም ቅርጽ ጎልቶ ስለሚታይ ነው፤ ትልሙ፣ እርከኑ፣ ካቡ፣ የእግር መንገዱ። የድንጋይ ካብ ያለበት ተዳፋት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ቁሙ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ወጥ ግራጫ የሚመስለው ካብ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን ጥላ ያወጣል። ከታች ትልልቆቹ፣ ከላይ ትንንሾቹ፣ በመሃል ክፍተቱን የሞሉት ጠጠሮች ይለያሉ። አንድ ቦታ ላይ ካቡ ተንዶ እንደተጠገነ ታያላችሁ፤ የጠጋኙ አደራደር ከመጀመሪያው ገንቢ ስለሚለይ ሁለት እጆች እንደሠሩት ይታወቃል። በቀለም ቢሆን ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው በሥሩ የበቀለው ሣር ላይ ነበር።

ስለ ፊልተር፣ ሌንስ ፊት ስለሚገጠመው ባለ ቀለም መስታወት፣ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ቀይ ፊልተር ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን በሦስት ስቶፕ ገደማ፣ ማለትም ወደ አንድ ስምንተኛ፣ ይቀንሳል፣ ሰማዩን ያጠቁራል፣ የሩቁን ጭጋግም ይገፋል። ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ከሰማዩ ጋር ቅጠሉንና ጥላውን ያጠቁረዋል፣ ጭጋጉም የዚያ ቦታ አየር ነው። ቢጫው ይበቃል፤ ቅጠላ ቅጠሉን እርስ በርሱ መለየት ስትፈልጉ ደግሞ አረንጓዴው ጥሩ ነው። በዲጂታል የምትሠሩ በራው (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳያቀናብር በሚያስቀምጥ ፋይል) አንሱና ቀለሙን በኋላ አስወግዱት። ባለ ቀለሙን ዋና ፋይል አትጣሉ፤ ሰብሉ ደርሶ እንደነበር ወይም ገና እሸት እንደነበር አንድ ቀን የሚመሰክረው እሱ ነው።

ፎቶ አንሺውን ጀምስ ራቪሊየስን አጥኑ። እንግሊዝ ውስጥ በሰሜን ዴቨን፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የአካባቢውን ሕይወት በፎቶ ለሚያስቀምጠው ለቢፎርድ መዝገብ ከአሥር ዓመት በላይ ያንኑ አካባቢ እየተመላለሰ አነሳ፤ የተረፈው ሥራ ከ70,000 ፎቶ በላይ ነው። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ማንሳት ስለሚወድ የጨለማና የብርሃን ንፅፅራቸው ለስለስ ያለ አሮጌ የላይካ ካሜራ ሌንሶችን መረጠ፤ ጥላው ውስጥ ያለው ነገር እንዳይጠፋበት። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን አለመሄዱ ነው። ጎረቤቶቹን አወቀ፣ እነሱም አወቁት፣ ካሜራው ሲመጣ ሥራቸውን አላቋረጡም። እናንተም ሩቅ አገር ከመመኘት ይልቅ በእግር ደርሳችሁ የምትመለሱበት አንድ ሸለቆ ይኑራችሁ። የቆማችሁበትን ነጥብ፣ ሌንሱን፣ ሰዓቱንና ካሜራው የዞረበትን አቅጣጫ መዝግቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወቅት እዚያው ላይ ቁሙ።

ፎቶ ለመሰረዝም አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካን ገጠር ያስነሳው የመንግሥት ክፍል ኃላፊ ሮይ ስትራይከር፣ ያልወደዳቸው ኔጌቲቮች (ፎቶው የሚታተምባቸው የፊልም ቁራጮች) ላይ በመብሻ ቀዳዳ ያስበሳ ነበር። ዛሬ ያን ስብስብ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚያይ ሰው፣ በአንድ ገበሬ ፊት ወይም በአንድ ማሳ መካከል ጥቁር ክብ ተቀምጦ ያገኛል። ስትራይከር ጥሩ ዓይን ነበረው፤ ሆኖም የዛሬ ተመልካች የሚፈልገውን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። እናንተም አታውቁትም። በዚያው ክፍል ፎቶ አንሺ የነበረችው ዶሮቲያ ላንግ ያነሳቻቸው ሰዎች የተናገሩትን እየጻፈች ከፎቶው ጋር ታስቀምጥ ነበር፤ እሱን ልመዱ። ቦታውን ካርታው በሚጠራው ስም ብቻ አትጻፉት፤ የሚያርሱት ሰዎች እያንዳንዱን ማሳ የሚጠሩበት ስም አለ፣ እሱም ከእነሱ ጋር ይሄዳል።

ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ሰው የመልክዓ ምድሩ ጌጥ አይደለም። ፋይሉን ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ፣ የተመረጠውን በጥሩ ወረቀት አሳትሙና አንዱን ቅጂ ለባለማሳው ውሰዱለት። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ከጀርባው የጻፋችሁትን አንብቡለት። ስሙን፣ ዘመኑን ወይም ድንበሩን ካረመላችሁ እርማቱን ከነቀኑ ጽፋችሁ ከኔጌቲቩ ጋር አኑሩት።