ስሙ «ዉ»፣ ሥራው ሌላ

ውድ ተማሪዎች፣

ከፊደልና ከኮድ ጋር የሚያገናኝ ሥራ ከያዛችሁ፣ በዩኒኮድ (ለየሆሄው ቁጥርና ስም በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ) ሰንጠረዥ ላይ የተጻፈውን ስም አይታችሁ ብቻ ሆሄውን ያወቃችሁት አይምሰላችሁ። በቻይና ሲቹዋን፣ ሊያንግሻን የሚኖሩ፣ ኑኦሱ የሚባሉ የዪ ሕዝቦች የሚጽፉበትን የዪ ፊደል ተመልከቱ።

ይህ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1980 በመንግሥት የጸደቀው በ819 ሆሄያት ነው። እያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቀለም (የቃልን አንድ የድምፅ ክፍል) ከነቃናው (ከድምፁ ከፍታና ዝቅታ ጋር) ይይዛል። ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ ከእኛው ፊደል ጋር በአንድ ስሪት ነው፤ የተሰጡትም 1165 ኮዶች ናቸው። 819ኙ መደበኞቹ፣ 345ቱ አናታቸው ላይ ቅስት የተደረገባቸው ናቸው። ሲደመር 1164። የቀረው አንዱ ነው ጉዱ።

ይህ አንዱ በአስርዮሽ ቁጥር 40981 ላይ፣ በሌሎቹ ሆሄያት መሐል ተሰክቶ ተቀምጧል። በሰንጠረዡ ላይ ያለው ስም «የዪ ቀለም ዉ» ይላል። ቀለም አይደለም፤ «ዉ» ተብሎም አይነበብም። ከእሱ በፊት ያለውን ቀለም ድገም የሚል ምልክት ነው። ኑኦሱ «ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የግሱን መጨረሻ ስለሚደግም፣ ጥያቄ ባለበት ጽሑፍ ሁሉ ደጋግሞ ይመጣል።

ዩኒኮድ አንዴ የሰጠውን ስም አይቀይርም፤ በአሮጌው ስም የተሠራ ፕሮግራም እንዳይበላሽ ሲባል። እርማቱ የሚወጣው በሌላ ፋይል፣ እንደ ተለዋጭ ስም ሆኖ ነው። ፕሮግራማችሁ ዋናውን ዝርዝር ብቻ አንብቦ ወደ ላቲን ፊደል የሚገለብጥ ከሆነ፣ በየጥያቄው መጨረሻ «ዉ» እየጻፈ ይሄዳል። (በእኛም ቤት ቢሆን «ሠ»ን የሚሰይሙት ሦስት የላቲን ፊደሎች ሲነበቡ «ስዛ» ነው የሚሉት፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራት አበሻ ግን የለም።)

ፍለጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ ሌላው አንዴ ጽፎ ምልክቱን ያስከትላል። ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያየ ጽሑፍ። ስለዚህ ለፍለጋ በምታዘጋጁት ማውጫ ውስጥ 40981ን ባገኛችሁ ቁጥር ቀዳሚውን ኮድ ተኩበት። ዋናውን ጽሑፍ ግን እንዳትነኩት፤ ጸሐፊው የመረጠው አጻጻፍ ነውና።

ቅስቱንም ለብቻ የሚደረብ ምልክት አድርጋችሁ አትጻፉት። ባለቅስቱ ሆሄ የራሱ ኮድ አለው፤ ተነጣጥሎ አይፈታም። መደበኛውን ሆሄ ጽፋችሁ ከሌላ ቦታ ያመጣችሁትን ቅስት ብትደርቡበት፣ ስክሪን ላይ ሊመሳሰል ይችላል እንጂ የትኛውም ኖርማላይዜሽን (አቻ አጻጻፎችን ወደ አንድ የሚያመጣ የዩኒኮድ ሥርዓት) አንድ አያደርጋቸውም።

የዳታቤዙን ዓምድ ርዝመት በባይት ከለካችሁ፣ በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድን ቁጥሮች በባይት መጻፊያ ስልት) እያንዳንዱ የዪ ሆሄ ሦስት ባይት ነው፤ ድጋሚ ምልክቱ 234፣ 128፣ 149 ነው። 20 ባይት በሚል ዓምድ ስድስት ሆሄ ይገባና ሰባተኛው ተሰብሮ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ይሆናል። የአማርኛ ጽሑፍም በዚሁ ምክንያት ነው የሚቆረጠው።

ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ድጋሚ ምልክት ያለበትን ዓረፍተ ነገር ጠባብ ሣጥን ውስጥ አስገቡና ስፋቱን ቀስ በቀስ ቀንሱ። በዩኒኮድ የመስመር አሰባበር ደንብ ምልክቱ መስመር ከማይጀምሩት ነው። ብቻውን አዲስ መስመር ላይ ከወረደ፣ ፕሮግራማችሁ አሁንም እንደ ተራ ቀለም እየቆጠረው ነው።