ምን እንደ ፈረሙ አልነገሩኝም

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርሁ። የነገደ ወይጦ (በጣና ዳር የሚኖር፣ ብዙዎች የሚያገልሉት ማኅበረሰብ) ተወላጅ መሆኔ ሲታወቅ «እንግዶች ደስ አይላቸውም» ተብዬ ወደ ዕቃ አጠባ ተዛወርሁ። ሳረግዝ ደግሞ «ሥራው አይሆንሽም» ብለው ቀሪ ሒሳቤንና የሥራ ልምድ ማስረጃ ሰጥተው አሰናበቱኝ። በዘሬ ነው የምከሰው ወይስ በእርግዝናዬ?

መልስ፦ በሁለቱም ነው፣ እህቴ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ብሔርም፣ ፆታም፣ እርግዝናም ለስንብት ምክንያት እንዳይሆኑ ይከለክላል። አንዱን ብቻ ከመረጡ ቀጣሪው ማምለጫ ያገኛል፦ «ሌሎች ነፍሰ ጡሮች እዚሁ ይሠራሉ፤ ከማኅበረሰቧም ወንዶች በጥበቃ ቀጥረናል» ይላል። እርስዎን የጎዳዎት የሁለቱ መገናኘት ስለሆነ ከዝውውሩ እስከ ስንብቱ ያለው በአንድ ክስ ተያይዞ ይጻፍ።

አሁን ወዳልነገሩኝ ልለፍ። ቀሪ ሒሳብ ያለ ፊርማ አይከፈልም። ምን ፈረሙ? ስለ ስንብት ደብዳቤ አንዲት ቃል አልጻፉም። ሴቶች ደጋግመው የሚያዙበት ወጥመድ ይህ ነው፦ «ክሊራንስ ነው» ተብሎ የሚቀርብላቸው ወረቀት «በግል ጉዳይ በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» ይላል። ያ ከተፈረመ ቀጣሪው «ራሷ ለቀቀች» ብሎ ይከራከራል፤ ስንብት ከሌለ ደግሞ አንቀጽ 26 የሚያርፍበት ነገር ያጣል። ተገድጄ ወይም ተታልዬ ፈረምሁ ማለት ይቻላል፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን የእርስዎ ነው። ገንዘቡን እንዳያጡ ሰግተው እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ሳያነቡ መፈረም፣ ቅጂ ሳይዙ መውጣት አልነበረብዎትም። የሠሩበት ደመወዝ መብትዎ ነው፤ ለፊርማ የሚሰጥ ዋጋ አይደለም።

የተሰናበቱበትን ቀንም አልጻፉም፤ ይህም አሳስቦኛል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ከስንብቱ የሚመነጭ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። ሽማግሌ መላክ ብቻውን ይርጋውን አያቋርጥም። ሽምግልናውን አይተዉ፤ ክሱን ግን ለእሱ ብለው አያዘግዩ።

የፈረሙትን ወረቀት ቅጂ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቢከለክሉዎት እንኳ መጠየቅዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይኑርዎት። የቅጥር ውሉን፣ የደመወዝ ማስረጃውንና የእርግዝና ክትትል ካርድዎን ያሰባስቡ። «እንግዶች ደስ አይላቸውም» ሲባል የሰማ ባልደረባ ካለ ስሙን ይያዙ፤ እርግዝናዎን ለማን፣ መቼ እንደ ነገሩም ይጻፉ። ወረቀቱን ሳላይ ያሸንፋሉ ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ይህን ሁሉ ይዘው ጠበቃ ያማክሩ፤ አቅም ካነሰዎት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ ከሆቴሉ ሌላ ወረቀት ቢመጣልዎት ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ።