መልስ፦ አይረን ኪኒን አንድ ወር ወስጄ ሄሞግሎቢኔ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ከ9.2 ለምን አልተነሳም?

ዋናው ጥርጣሬዬ ቡናው ላይ ነው። ኪኒኑን ከቁርስ በኋላ በቡና እንደምትውጪው ጽፈሻል። ቡናና ሻይ አይረኑን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፣ ብዙው ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ወተትና የጨጓራ መድኃኒትም እንዲሁ ያስቸግራሉ።

ከነገ ጀምሮ፦
1. ከቁርስ 1 ሰዓት በፊት በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ውሰጂው።
2. ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሁሉ ኪኒኑን ከወሰድሽ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሁን።

ሆድሽን ካስቸገረሽ ከትንሽ ምግብ ጋር አድርጊው እንጂ አታቋርጪ። ሰገራ መጥቆሩ ከኪኒኑ ነው። እንዲህ ስትወስጂው ሄሞግሎቢንሽ በ4 ሳምንት ቢያንስ 1 ግራም በዴሲሊትር መጨመር አለበት። 12 ሲደርስም አታቁሚ፤ የሰውነት የአይረን ክምችት እንዲሞላ ወደ 3 ወር ይቀጥላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ያኔም ካልጨመረ በራስሽ መጠኑን አታብዢ። እዚያው ሐዋሳ የሰገራ ምርመራ አሠሪ፤ ሁክዎርም (ደም የሚመጥ የአንጀት ትል) ወይም የተደበቀ መድማት ካለ የሚተካው ደም እዚያው ይፈሳል። የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ወረቀትሽ ላይም ኤምሲቪ የሚለውን፣ ማለትም የቀይ ደም ሴል አማካይ መጠን፣ እዪ። ከ80 በታች ሲሆን የአይረን እጥረት ያስጠረጥራል። ከ100 በላይ ከሆነ ግን ቫይታሚን ቢ12 ሳይታይ ፎሊክ አሲድ ብቻ አትጀምሪ፤ የቢ12 እጥረት ካለ ደሙ ተስተካክሎ እያለ እጥረቱ የሚያመጣው የነርቭ ጉዳት ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።