የሚያዘነብል ሞተርሆምና የሚላላ ፍሬን

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራ ያገለገለ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ገዝተን፣ ወንበሮቹን አውጥተን፣ አልጋና ማብሰያ አስገብተንበታል። ቆሞ ሲያድር ከኋላ በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ይስተካከላል። በተጨማሪም የኋላው ግራ ፍሬን እየላላ ስላስቸገረኝ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ራሴ በቁልፍ አጥብቄዋለሁ። በሐምሌ ከዴንቨር ተነስተን ተራራውን በማቋረጥ ወደ ዩታ ለመሄድ አስበናል። ከዚያ በፊት ራሴ ምን ልሥራ?
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን ችግሮች አብረው ቢያነሷቸውም ክብደታቸው እኩል አይደለም። ማዘንበሉ ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ አጥብቀውት እንደገና የላላው ፍሬን ግን ጊዜ አይሰጥም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 1994 ጀምሮ የተሠሩ የአየር ፍሬን (በታመቀ አየር የሚሠራ ፍሬን) ያላቸው ተሽከርካሪዎች፣ የፍሬን ሸራው እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱን በራሱ የሚያጠብ አውቶማቲክ ስላክ አጀስተር እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ የእርስዎም አውቶቡስ በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ራሱን ማጥበቅ የሚገባው ዕቃ ከላላ ደግሞ ወይ ዕቃው ራሱ ተበላሽቷል፣ ወይም ከቻምበሩ (አየር ሲገባበት ፍሬኑን ከሚገፋው ክብ ዕቃ) የሚወጣው የመግፊያ ዘንግ የሚያያዝበት ፒን ተበልቷል፣ ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፋው ካም የሚዞርበት ቡሽ ሰፍቷል፣ አለዚያም ሸራውን የሚመልሰው ሞላ ደክሟል። በቁልፍ ማጥበቅ ከእነዚህ አንዱንም አይጠግንም፤ ጉዳቱን ለጥቂት ሳምንታት ከዓይንዎ ይሰውራል እንጂ። ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ አያጥብቁት።

ራስዎ ማድረግ የሚችሉት መለካት ነው። ደልዳላ ሜዳ ላይ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የማቆሚያውን ፍሬን ይልቀቁ፤ በታንኮቹ ያለው የአየር ግፊት ከ90 እስከ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲሆን ዘንጉ ከቻምበሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ባለቤትዎ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠው ሲይዙ ምልክቱ ምን ያህል እንደወጣ ይለኩ። መጠኑ 30 ተብሎ በተሰየመ መደበኛ ቻምበር ላይ ከ2 ኢንች፣ ዘንጉ ረዘም ብሎ እንዲወጣ በተሠራው (ረጅም ምት) ቻምበር ላይ ደግሞ ከ2.5 ኢንች በላይ ከወጣ ፍሬኑ ከልክ አልፏል። ልኬቱን ለሁሉም ጎማዎች ጽፈው ወደ ጋራዥ ቢወስዱት የመካኒኩን ግማሽ ሥራ ሠሩለት ማለት ነው።

የአየር መፍሰሱንም በሰዓት ይፈትሹ። ታንኮቹ ሞልተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሬኑ ተለቅቆ በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ2 ፒኤስአይ በላይ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ደግሞ ከ3 ፒኤስአይ በላይ መቀነስ የለበትም።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይንኩ፦ በኋላው ጎማ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቻምበር። በውስጡ ታምቆ የተቀመጠው ሞላ አየር ሲጠፋ መኪናውን ብቻውን አስሮ የሚያቆም ኃይል አለው፤ ማሰሪያውን የፈታ ሰው ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ወደ ማዘንበሉ ስንመጣ፣ አውቶቡሱ የሚቀመጠው በአየር በተነፉ ከረጢቶች ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ መስተካከሉ የሚያሳየው አየሩ ሌሊቱን በዚያ ጥግ ቀስ እያለ እንደሚያመልጥ ነው። የሚጠረጠሩት የአየር ከረጢቱ፣ የቱቦው መጋጠሚያና ከፍታውን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ናቸው። የሳሙና ውኃ ረጭተው አረፋ የሚነፋበትን ቦታ ይፈልጉ። ከረጢቱ ተሰነጣጥቆ የውስጡ ክር ከታየ መለወጥ አለበት። የቫልቩ መተንፈሻ መኪናው ከተስተካከለ በኋላም አረፋ መንፋቱን ካላቆመ ደግሞ ጥፋቱ የቫልቩ ነው። ወደ ሥር ከመግባትዎ በፊት ግን ሻሲው በጠንካራ የብረት ማቆሚያ መደገፍ አለበት፤ ክሪክ ብቻውን አይበቃም። አየር በድንገት ከወጣ አውቶቡሱ በቅጽበት ይወርዳል፣ ለሰው ደረት የሚሆን ክፍተትም አይተውም። ይህን ያህል የምጨነቀው ብዙ ባለሙያ ነን ባዮች በአየር ላይ በቆመ መኪና ሥር ተንጋልለው ሲሠሩ ስለማይ ነው።

ስለ መንገዱ፦ በ11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ባለው የአይዘንሃወር ዋሻ ግራና ቀኝ ያለው ቁልቁለት እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ማርሹን ይቀንሱ። ፍጥነቱ ከወሰኑት ልክ ሲደርስ ጠንከር አድርገው ይርገጡ፣ በሰዓት 5 ማይል ያህል ሲቀንስ ይልቀቁ፣ ሲመለስ እንደገና ይርገጡ። ፔዳሉን ያለማቋረጥ መያዝ ታምቡሩን ስለሚያግል ሸራው መያዙን ያቆማል። ግራው የኋላ ፍሬን ሳይጠገን ግን ከዴንቨር ወደ ምዕራብ እንዳይወጡ እመክራለሁ፤ ሐምሌ ካለፈ ነሐሴ አለ።