የዩኒቨርሲቲ ባዶ ሱቆች፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

መላሹ አሜሪካ ለረጅም ጊዜ የንግድ ቤት ኪራይ ሲያስተዳድሩ ኖረው አሁን ደብረ ብርሃን የከተሙ የቡድናችን አባል ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን።

ከጠባሴ፦ ጋሼ፣ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሱቅ ገዝተው ለዓመታት ይዘጋሉ ይባላል። ኪራዩ እየቀረባቸው ለምን?

ጋሼ፦ ባዶነቱ እነሱን ስለማይጎዳ ነው። አንተ ከባንክ ተበድረህ የሠራኸው ሱቅ ሦስት ወር ባዶ ቢከርም እንቅልፍ አይወስድህም። ዩኒቨርሲቲ ግን አይቸኩልም። የሚፈልገው መሬቱን ነው። ነገ ላብራቶሪ እሠራበታለሁ ስለሚል ረጅም ውል አይሰጥም። ነጋዴ ደግሞ ለስድስት ወር ብሎ መደርደሪያ አያስገጥምም። ሃርቫርድን ተመልከት። ቦስተን ውስጥ ኦልስተን በሚባል ሰፈር 52 ኤከር፣ 21 ሄክታር ያህል፣ በሌላ ኩባንያ በኩል በ88 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሰፈሩ የገዢውን ማንነት የሰማው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ የገንዘብ ቀውሱ መጣና በ2009 የሳይንስ ሕንፃውን ግንባታ አቆመ። ነዋሪው ለዓመታት ባዶ ሱቅና አጥር ታቅፎ ኖረ።

ከአንኮበር፦ ግብር አይከፍሉም እንዴ?

ጋሼ፦ ለትምህርት የሚውለው ነፃ ነው። ዬል የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ግን ለሚያከራያቸው ሱቆች ይከፍላል።

ከደብረ ብርሃን፦ ለጎረቤቱ ምን ጉዳት አለው? የተዘጋ በር ነው እኮ።

ጋሼ፦ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በተዘጋ ሱቅ ደጅ እለፍና እየው። ሱቅ ዕቃ ብቻ አይሸጥም። መብራት ያበራል፣ ደጁን ይጠርጋል፣ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ፎቶኮፒ ቤቱ ሲዘጋ፣ ወረቀቷ እስኪደርስ ጎን ሻይ የምትጠጣው ተማሪ ትቀራለች። ሻይ ቤቱ ገበያው ይቀዘቅዛል። በተቆለፈው በር ሥር ፌስታል ይከማቻል፣ ግድግዳው መሽኛ ይሆናል። በእኛ ብርድ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቆሞ የሚገዛ የለም። ሰው በማዶ መሄድ ይለምዳል። ሱቁ ቢከፈት እንኳ ያንን እግር መመለስ ወራት ይፈጃል።

ከደብረ ሲና፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ጋሼ፦ የቱ ሱቅ? የማን? ከመቼ ጀምሮ የተዘጋ? ይህን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ ብያለሁ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ኪራይ ይቀንሱ፣ አለቀ።

ከጠባሴ፦ ጉሊቷ ደጁ ላይ በነፃ እየሸጠች ማን ይከራያል?

ከሸዋ ሮቢት፦ እሷን ተዋት! እሷ ባትኖር በዚያ ደጅ ማን ያልፋል? ሽንኩርቱም ከእኛ ነው የሚመጣላችሁ።

ከጠባሴ፦ በዚያ ዋጋ ባይመጣስ?

ጋሼ፦ የሽንኩርቱን ለገበያ ቀን አቆዩት። ጉሊቷ ደጁን ከሞት አትርፋዋለች፤ እሷን ማባረር ተከራይ አያመጣም።

ከመሐል ሜዳ፦ ባለቤቱን ያስገደደ ከተማ አለ?

ጋሼ፦ ሳን ፍራንሲስኮ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት ከ2022 ጀምሮ ይሠራል። በተወሰኑ የንግድ መንገዶች ላይ በዓመት ከ182 ቀን በላይ ባዶ የከረመ ሱቅ በፊት ለፊቱ ስፋት ይቀጣል። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ጫማ (30 ሳንቲ ሜትር ያህል) 250 ዶላር፣ ከዚያ 500፣ ከዚያ 1,000። መዝጋት ዋጋ ሲያስከፍል ኪራይ መቀነስ ይቀላል።

ከደብረ ብርሃን፦ አንድ ሰው የተቋም ሱቅ አስገኝልሃለሁ፣ ብር አምጣ አለኝ።

ጋሼ፦ አትስጥ። ከጨረታ ውጭ ለማንም ብር አትስጡ።

ከአለም ከተማ፦ የእኛ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎችስ?

ጋሼ፦ መሬት የመንግሥት ስለሆነ የሃርቫርድ ዓይነት ግዢ የለም። እኛ ጋ የመንግሥት ተቋም ሱቅ የሚዘጋው በጨረታ ሰበብ ነው። ጨረታ ይወጣል፣ ተወዳዳሪ ያንሳል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይወጣል። እስከዚያ በሩ ተቆልፎ ይከርማል። አዋጅ 1294/2015 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን እንዲችሉ መንገድ ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮታል። የራሱን ገቢ የሚፈልግ ተቋም ዓይኑ ሱቅ ላይ ማረፉ አይቀርም። ሰፈሩ አሁኑኑ ይናገር።

ከደብረ ብርሃን፦ ኮንዶሚኒየም ሱቅ ልግዛ?

ጋሼ፦ ጠበቃ ጠይቅ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ሱቅ አስገኝልሃለሁ የተባልኩት እኔ ነኝ። ለሰውዬው ጥቂት ብሰጠውስ?

ጋሼ፦ ከጨረታ ውጭ ብር አትስጡ! ስንቴ ልበል?

ከጠባሴ፦ ሰፈሩ ለተቋሙ ምን ብሎ ይጻፍ?

ጋሼ፦ አንድ ገጽ ይበቃል። የሱቁ ቁጥርና የተዘጋበት ወር ይጻፍ። ጨረታው እስኪያልቅ በአጭር ውል እንዲከራይ፣ እስከዚያም የበረንዳው መብራት እንዲበራ ጠይቁ። የጎረቤት ነጋዴዎች ይፈርሙ። ግልባጭ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቁጥር ሳትቀበሉ እንዳትወጡ።