«ስንከፍት እንከፍላለን» ያሉሽን እንዳታምኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የራሴን ታሪክ ነው ያስታወሰኝ። ካፌው «ለእድሳት ለጊዜው» ተዘግቷል፣ የወር ከግማሽ ደሞዝ ይቀርሻል፣ ባለቤቱ ደግሞ «ስንከፍት እንከፍላለን» ብሏል። ይቺ ቃል እኔን 7,800 ብር አስከፍላኛለች።

1. የሠራሽበት ደሞዝ ከካፌው መከፈት ጋር አይገናኝም። ቢታደስም ባይታደስም ዕዳው ዕዳ ነው።

2. ወር ቁጠሪ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል።

ሆቴል ወጥ ቤት ነበር የምሠራው። በወረቀት ረዳት ሼፍ ነኝ፣ በተግባር ሽንኩርት ከታፊ። ጥር 19 ጠዋት ስንመጣ በሩ ላይ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። የታህሳስ ደሞዝ ሙሉው፣ የጥር ደግሞ የ18 ቀን አልተከፈለንም። ሥራ አስኪያጁ ጋ በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ «አይዞህ ወንድሜ፣ ቀለም ብቻ ነው የቀረው» ይለኛል። ፋሲካ አልፎም ቀለም ነው። ግንቦት ላይ ሴራሚክ ሆነ። እኔም ተመልሼ መግባት ስለምፈልግ፣ መጣላትም ስለማልወድ ዝም አልኩ። ሐምሌ 8 ክስ ሳስገባ ጠበቃቸው ብዙ አልደከመም፣ ይርጋ አለ በቃ፤ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ማለት ነው። በአዋጅ 1156/2011 የደሞዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። የታህሳሱ በ8 ቀን አልፎታል። በ8 ቀን! የጥር ወሩ ግን ጊዜው ገና ስላላለፈ 4,680 ብር ተፈረደልኝ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ወር ደሞዝ የራሱ ሰዓት አለው፣ አንድ ላይ አትቁጠሪው።

3. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ስትሄጂ በጽሑፍ። ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል። መጋቢት ላይ ክፍለ ከተማ ሄጄ ነበር እኮ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ድርጅቱ ሲከፈት ና» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ሞኝ። ያኔ ማመልከቻ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ይርጋው ይቋረጥ ነበር። ባለቤቱ ዕዳውን በጽሑፍ ካመነም እንዲሁ ይቋረጣል። ስለዚህ ስልክ መደወሉን ተይና «የዚህና የዚህ ወር ይህን ያህል ይቀረኛል» ብለሽ ጽፈሽ አስፈርሚው። አልፈርምም ካለ ማመልከቻሽን ይዘሽ ሂጂ። ኮፒው ላይ ማህተምና ቀን ሳይደረግልሽ ከመስኮቱ እንዳትነቃነቂ።

4. የሚያስፈርሙሽን አንብቢ። የተዘጋ ሳምንት አንድ ወረቀት አዞሩብን፤ «በራሴ ጥያቄ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጃለሁ» ይላል። ሁላችንም ፈረምን። እንጀራ ጋጋሪዋ እማማ ብቻ እምቢ አሉ። ማንበብ አይችሉም፣ «ያልተነበበልኝ ላይ አውራ ጣቴን አላሳርፍም» አሉ። ሲነበብላቸው ደግሞ «ፈቃድ ማን ጠየቀ?» ብለው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ሚያዝያ ላይ ልጃቸው ክስ አስገባላቸው፣ ሆቴሉ ተዘግቶ የቆየበትም ጭምር ተከፈላቸው። ምክንያቱም ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሠራተኛ በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሥራ ቢያጣ ደሞዙ ይከፈለዋል ይላል ሕጉ። አሠሪ ደሞዝ ሳይከፍል ማገድ የሚችለው ከአቅም በላይ ነገር ወይም የእሱ ጥፋት ያልሆነ የገንዘብ ችግር ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን ሥራ ሲያስቆመው ነው። እሱንም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳው ከ90 ቀን አያልፍም። ሴራሚክ መቀየር ከአቅም በላይ ነገር ነው ወይ? እኛ ፈራሚዎቹ ግን ይቺን መከራከሪያ በገዛ ፊርማችን አበላሸናት።

ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትፍሪ፣ ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፈልም። እኔ ያወጣሁት ለማመልከቻ ጻፊና ለታክሲ ነው። የደሞዝሽን የባንክ ስቴትመንት አውጪ፣ የሰዓት ፊርማ መዝገቡን ፎቶ ያነሳ ጓደኛ ካለ ተቀበዪው። የኔን ያዳነኝ እሱ ነው፤ «ጥር ላይ አልሠራም» ሊሉ ነበር እኮ።

ፈርመሻል እንዴ? ያልተከፈለሽስ የየትኛው ወር ነው? እዚሁ ጻፊልኝና አብረን እንቆጥራለን።