«መች» ወይስ «ሜኒ»? የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የመጡልን ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ ብዛትንና መጠንን ስለሚገልጹ ቃላት ናቸው።

ጥያቄ፦ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ለውጭ ገዢ «ሃው ሜኒ ኮፊ ዱ ዩ ኒድ?» ብዬ ብጽፍ ኃላፊዬ መለሱብኝ። ቡና በኩንታል እየተቆጠረ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? (ከመርካቶ)

መልስ፦ የሚቆጠረው ኩንታሉ ነው እንጂ ቡናው አይደለም። «ኮፊ» ብቻውን ሲመጣ «ሃው መች ኮፊ» ይባላል። መስፈሪያ ካስገቡ ጥያቄው ወደ መስፈሪያው ይዞራል፤ «ሃው ሜኒ ባግስ ኦቭ ኮፊ» ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው «ኤስ»ን ሁለቱም ላይ ሲያደርግ ነው። የብዙ ቁጥር ምልክቱ «ባግ» ላይ ያርፋል፤ «ኮፊ» እንዳለ ይቀራል።

ግሱም እንዲሁ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተለምዶ ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል። ይህን ሲጽፉ «320 ባግስ ኦቭ ኮፊ ሃቭ ቢን ሎዲድ» ይበሉ፤ ግሱ ጆንያዎቹን ተከትሎ «ሃቭ» ሆኗል። ጆንያውን ካላነሱ ግን «ዘ ኮፊ ሃዝ ቢን ሎዲድ» ነው።

«ኮፊስ» የሚባልበት ቦታም አለ። ካፌ ገብተው ሁለት ስኒ ሲያዙ «ቱ ኮፊስ» ይላሉ፤ የጅማን፣ የሲዳማንና የሐረርን ቡና በዓይነት ለይተው ሲያነሱም «ኢትዮፒያን ኮፊስ» ትክክል ነው። የውል ደብዳቤ ላይ ክብደት ሲገልጹ ግን አያስገቡት።

ጥያቄ፦ የጅማ በርጩማና ወንበር እሸጣለሁ። ታፔላዬ ላይ «ፈርኒቸርስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ልክ ነው? (ከሄርማታ)

መልስ፦ አይደለም፤ መጨረሻዋን «ኤስ» ያስፍቋት። «ፈርኒቸር» የቤት ዕቃን ሁሉ በጅምላ ስለሚጠራ አይቆጠርም። ቁጥር ካስፈለገ «ቱ ፒስስ ኦቭ ፈርኒቸር» ይባላል። በርጩማውን በስሙ ከጠሩት ግን ያለ ችግር ይቆጠራል፤ «ስሪ ስቱልስ» ይሉታል።

«ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «ላጌጅ» እና «ሆምወርክ» እንደዚሁ ናቸው። እኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ መሣሪያዎች ስለምንል እጃችን ሳናስበው «ኤስ» ይጨምራል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተለይ «ሪሰርችስ» ማለትን ቢተዉት እንወዳለን፤ ጥናቶች ለማለት «ስተዲስ» አለላቸው። «ኒውስ» በ«ኤስ» ቢያልቅም ግሱ «ኢዝ» ነው።

ጥያቄ፦ በመመረቂያ ጽሑፌ «ፊው ፋርመርስ ዩዝ ኮምፖስት» ብዬ ነበር። አማካሪዬ «ኧ ፊው» በይው አሉኝ። ለአንዲት «ኧ» ይህን ያህል ልዩነት አለው? (ከኮቺ)

መልስ፦ በጣም አለው፤ የዓረፍተ ነገሩን ፍርድ ይገለብጠዋል። «ፊው» ሲባል የሚጠቀሙት ከቁጥር የማይገቡ ናቸው ማለት ነው። «ኧ ፊው» ደግሞ ጥቂትም ቢሆኑ አሉ ይላል። ከ200 ገበሬዎች 12ቱ ይጠቀማሉ እንበል። ኮምፖስት አልተለመደም ልትዪ ከሆነ «ፊው»፣ መለመድ ጀምሯል ልትዪ ከሆነ «ኧ ፊው» ጻፊ። አሃዙ በእጅሽ ካለ ግን ከሁለቱም ይልቅ እሱን ማስፈር ይሻላል፤ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ለማይቆጠረው «ሊትል» እና «ኧ ሊትል» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ሊትል ዎተር» ውኃው አይበቃም ማለት ነው፤ «ኧ ሊትል ዎተር» ግን የተወሰነ ውኃ አለ። ሁለት ነገር ልብ በይ፦ «ኦንሊ» ሲጨመር፣ «ኦንሊ ኧ ፊው» ሲባል፣ ትርጉሙ ወደ ማነስ ይመለሳል። «ኧ ሊትል» ደግሞ ከሚቆጠር ስም ፊት ከገባ ብዛትን ትቶ የአካል ትንሽነትን ይናገራል፤ «ኧ ሊትል ቦይ» ትንሽ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ብር እየተቆጠረ «መኒ» ለምን አይቆጠርም? «አይ ሃቭ መች መኒ» ማለትስ ይቻላል? (ከጅሬን)

መልስ፦ ብሩ ይቆጠራል፤ «100 ብር» ትላለህ። «መኒ» ግን የገንዘብ ሁሉ የወል ስም ስለሆነ «100 መኒ» አይባልም። ዓረፍተ ነገርህ በሰዋስው አይወድቅም፤ ለጆሮ ግን ይከብዳል። «መች» የሚስማማው ጥያቄና አሉታ ውስጥ ነው። በአዎንታ «ኧ ሎት ኦቭ መኒ» በል፤ ይህ ለሚቆጠረውም ለማይቆጠረውም ይሆናል። «ቱ መች» (ከመጠን በላይ ብዙ) እና «ሶ መች» (ይህን ያህል ብዙ) ግን በአዎንታም ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ «ለስ» እና «ፊወር»ን እንዴት ልለያቸው? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ለሚቆጠረው «ፊወር ስቱደንትስ»፣ ለማይቆጠረው «ለስ ዎተር» ይበሉ። ርቀት፣ ጊዜና ገንዘብ ቁጥር ቢኖራቸውም እንደ አንድ መጠን ስለሚታዩ «ለስ» ይወስዳሉ፤ ከጅማ አዲስ አበባ ያለው መንገድ «ለስ ዛን 400 ኪሎሜተርስ» ነው።